ወንዝ ዳር የተሠራው ፓርክ እና የልጆቹ ሜዳ፦ ከጥያቄው እስከ ፊርማው

ጎረቤቶቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የለጠፍኩት ጥያቄ ብዙ ሰው አነጋግሯል። መልሱ ስለረዘመ ማን ምን እንዳለ መከተል አስቸጋሪ ሆኗል። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ በየቁጥሩ ላስቀምጠው። የራሴንም ሐሳብ መሃል መሃል ላይ አስገብቻለሁ።

የመነሻው ጥያቄ

ከኮንዶሚኒየማችን ቁልቁል፣ ቀበና ወንዝ ዳር የተሠራው ፓርክ አምሯል። ይሄ መነገር አለበት። ድሮ በዚያ የምናልፈው አፍንጫችንን ይዘን ነበር። ሲመሽ ደግሞ ጨለማውን ፈርተን በላይኛው መንገድ እንዞራለን። ዛሬ መብራት አለ፣ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ አለ፣ አረፍ የሚባልበት ወንበር አለ። እናቴ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ወርዳ ትራመዳለች።

ግን ልጆቹ ሜዳቸውን አጡ። ያቺ አቧራማ ሜዳ አሁን ሣር ለብሳለች፤ መርገጥ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳም ቆሞባታል። አንድ ልጅ እግሩን ካሳረፈ ፊሽካ ይነፋል። ስለዚህ ልጆቹ ወደ መኪና ማቆሚያችን መጡ። ባለፈው ቅዳሜ ኳሷ ከቆመ ሚኒባስ ሥር ገባች። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በደረቱ ተኝቶ፣ ግማሽ አካሉን ከመኪናው ሥር አስገብቶ በእንጨት ሊስባት ይሞክራል። ሹፌሩ በወዲያኛው በር ገብቶ ሞተር አስነሳ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ስታሰጣ የነበረች ጎረቤታችን ጮኻ ባታስቆመው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከፓርኩ የተወሰነው ቦታ ለልጆች መጫወቻ እንዲሆን በነዋሪዎች ማኅበራችን ስም ደብዳቤ እናስገባ ወይ?

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ የሦስት ልጆች እናት ናት። ዛሬውኑ ልፈርም አለች። ትልቁ ልጇ ሜዳው ከተዘጋ ወዲህ ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ይወረውርና ስልክ ላይ ተጥዶ ያመሻል። ሚኒባሱ ሥር የገባው ልጅ የእህቷ ልጅ መሆኑንም ነገረችን። ይህን አላውቅም ነበር።

መልስ 2

አንድ አባት በጣም በትሕትና ተቃወሙ። መጀመሪያ ምስጋና ይቅደም ነው የሚሉት። አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ሲከፈቱ፣ የኮሪደር ልማቱም በ2016 ሲጀመር የኛ ሰፈር ተራ መቼ ይደርስ ይሆን ብለን እንጠይቅ እንደነበር አስታወሱ። ተራው ደረሰ፤ መግቢያም አይከፈልበትም። ገና ከመመረቁ ቅሬታ ይዘን ብንሄድ አጉራምራሚ እንባላለን፣ ነገ ሌላ ችግር ሲገጥመን ሰሚ እናጣለን የሚል ስጋት አላቸው። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ምስጋናና ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ላይ አብረው መቀመጥ ይችላሉ።

መልስ 3

እዚያ ሜዳ ላይ ያደገ አንድ ወጣት ነው። ግማሽ ምናምን የሚባል ነገር አልፈልግም፣ ሙሉው ሜዳ ይመለስ አለ። የሰፈራችን ቡድን በየክረምቱ ውድድር የሚያደርገው እዚያ ነበር። አሁን ለመጫወት በየሰዓቱ የሚከራይ ሜዳ መፈለግ አለባቸው፣ ሥራ የሌለው ልጅ ደግሞ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ጽሑፉ ቁጣ ነበረበት፤ የቁጣው ምክንያት ግን እውነተኛ ነው።

መልስ 4

መልስ 3ን ያረመው በሙያው መሐንዲስ የሆነ ጎረቤታችን ነው። ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ መልስ የሱ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ የኛ ሜዳ ድሮም ያን ያህል ሆኖ አያውቅም። ሙሉውን ብንጠይቅ ፓርኩን አፍርሱት እንደማለት ይቆጠርብናል። የፉትሳል ሜዳ ግን 40 በ20 ይበቃዋል። 800 ካሬ ሜትር ማለት ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ስለሆነ እዚያው ላይ በቀለም ሊሰመር ይችላል። ስለዚህ ሴቶቹም ወንዶቹም ተራ እየገቡ ይጠቀማሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። ሜዳው በወንዙ በኩል መሆን የለበትም። ከሆነም ከፍ ያለ መረብ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ልጆቹ ኳስ ተከትለው ወንዝ ይወርዳሉ። ኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ሌሎች ሰፈሮች የስፖርት ሜዳና የልጆች መጫወቻ ስለተሠራ የምንጠይቀው ነገር እንግዳ እንዳልሆነም አስረዳ።

መልስ 5

አንዲት ነርስ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅስ ነገር እንዲሠሩ እንደሚመክር ጻፈች። ይህ በደብዳቤው ላይ ይግባ ብላለች። ይገባል።

መልስ 6፣ 7 እና 8

እዚህ ላይ ወሬው ወደ መኪና ሄደ። አንዱ መኪና ማቆሚያው ለልጆች አይደለም፣ ለመኪና ነው አለ። ሌላው በብስክሌት መንገዱ ላይ ሞተር ሳይክሎች እንደ ልባቸው እየነዱበት መሆኑን አማረረ። ሦስተኛዋ የታክሲ ማቆሚያው ወደ ላይ ስለተዛወረ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት እንዳስመረራት ጻፈች። ሁሉም ልክ ናቸው፣ ግን ለብቻው ሌላ ውይይት ይክፈቱለት።

መልስ 9

ጡረታ የወጡት መምህራችን ናቸው። ጋሼ ረዘም አድርገው ስለ ጃንሜዳ ጻፉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ መዛወሩን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ጥምቀት የሚከበርበት፣ ስፖርተኛ የሚሮጥበት ሜዳ በጭነት መኪና ታረሰ፤ ጎመንና ቲማቲም በሰበሰበት። ያኔ ጃንሜዳ አለቀለት ያለ ሰው ብዙ ነበር። ከ2013ቱ ጥምቀት በፊት ግን ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተነሣ፣ ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጡ፣ ሜዳው ተጠርጎ ታቦታቱ ገቡበት። ጋሼ የሚሉት፣ ሜዳ ከተወሰደ በኋላም ጠያቂ ካለው ይመለሳል ነው።

መልስ 10 እና 11

አንድ ሰው ወዲያው አረማቸው። ጃንሜዳ የሚያህል ታሪክ ያለውን ቦታ ከኛ ሣር ጋር ማወዳደር አይሆንም፣ እዚያ የጠየቀው ከተማው ሁሉ ነው አለ። አጻጻፉ ትንሽ ሻከር ያለ ነበር፤ አንቱታውም ጠፍቶበታል። ጋሼ ግን በረጋ መንፈስ መለሱ። የሜዳው መጠን ሳይሆን ዝም ያለማለቱ ነገር ነው ያነሣሁት አሉ። ይልቅ አንተ የምትጽፈው እጅህ ካማረ ደብዳቤውን አንተ አርቅቅ ብለው ሥራ ሰጡት። ልጁም እሺ አለ።

መልስ 12

እዚህ ጋር የሁሉም ድምፅ ተቀየረ። የጻፈችው ድሮ ወንዙ ዳር ከነበሩት ቤቶች በአንዱ ትኖር የነበረች ሴት ናት። አሁን ከከተማው ዳር ትኖራለች፣ ከግሩፑ ግን አልወጣችም። እናንተ ስለ ኳስ ታወራላችሁ፣ እኛ ስንነሣ ስንቶቻችሁ ጠየቃችሁን ብላ ጀመረች። ከካዛንቺስ የተነሣችው እህቷ ገላን ጉራ ገብታለች። እሷ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ወጣች። ሁለት እህትማማቾች ለመጠያየቅ ከተማውን ማቋረጥ አለባቸው።

መልስ 13

አንድ ሰው ፖለቲካ አታምጪ አላት። ይህን መልስ ባላየው ደስ ባለኝ።

መልስ 14

ተመልሳ የጻፈችውን ሁላችሁም ብታነቡት ጥሩ ነው፤ ዋናውን ላስቀምጠው። የተሰጣት ቤት ከድሮው የተሻለ መሆኑን አልካደችም። የራሷ ሽንት ቤት አላት፣ ክረምት ሲመጣ ወንዙ ይገባብኛል ብላ ሌሊት ቁጭ አትልም። ያጣችው ዕድሯን ነው። ዕድሩ እናቷ ወጣት ሳሉ የተቋቋመ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስትና ሰፌዱ ሁሉ የሚቀመጥበት ክፍል አብሮ ፈረሰ። ዕቃው ለጊዜው ሦስት ሰው ቤት ተከፋፍሎ ተቀመጠ። ከዚያ አባላቱ ራሳቸው ተበተኑ።

ባለፈው አንድ የዕድሩ አባት አረፉ። ጥሩንባ የሚነፋበት ሰፈር ስለሌለ መርዶው በስልክ ዞረ። ድንኳኑን የያዘው ሰው በአንድ በኩል፣ አግዳሚውን የያዘው በሌላ በኩል፣ ሟቹ በሦስተኛው በኩል። አግዳሚው የደረሰው ቀብር ካለቀ በኋላ ነው። ለቀስተኛው ቆሞ ዋለ። ሴቶቹ እንደ ድሮው ሰልስቱን አብረው ማሳለፍ አልቻሉም፤ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሡ። ይህን ጽፋ፣ ይሄ ፖለቲካ ከሆነ ሞትም ፖለቲካ ነው ብላ ጨረሰች።

መልስ 15

ይህ የኔ ነው። የሷ ጥያቄ ከኛ ጥያቄ ጋር አንድ ነው ብዬ መልሻለሁ። መንገድና ፓርክ ሲሠራ የሚለካው አስፋልቱና መብራቱ ነው። ልጅ የሚሮጥበት አቧራ፣ ዕድርተኛ የሚሰበሰብበት ክፍል ፕላን ላይ ስለማይታይ ማንም ሳይቆጥረው ይጠፋል። አንድ ሰው ቀድሞ መጥቶ ይህን ቦታ ምን ትሠሩበታላችሁ ብሎ ቢጠይቀን ኖሮ መልሱን በአንድ ከሰዓት በኋላ እናገኘው ነበር። አሁንም አልረፈደም። የዕድሩ ዕቃ በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ ከብሎክ 2 በስተኋላ ያለውን የጋራ ክፍል እንድንፈቅድ ጠይቄያለሁ። እስካሁን ማንም አልተቃወመም። ባለ 13ም ይቅርታ ጠይቋታል።

ከመልስ 16 እስከ 19

ወሬው ወደ ቡና ሄደ። ጥግ ላይ ጀበና ዘርግተው ይሸጡ የነበሩት ሁለት ሴቶች የት ገቡ የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዷ ተቀጥራ ሰው ቤት እየሠራች ነው። የሌላዋን የሚያውቅ የለም። ፓርኩ ውስጥ ባለው ካፌ የሚሸጠው ቡና ዋጋ ለኛ ሰፈር ሰው አይሆንም የሚሉ ሦስት ሰዎች ተከታትለው ጻፉ። አንዷ ለሁለቱ ሴቶች አንድ ንጹሕ ጥግ ቢሰጣቸው ምን ይጎድላል አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው።

መልስ 20

ብሎክ 1 ምድር ቤት የሚኖር ሰው ስለ ጎርፍ ጻፈ። አዲሱ የውሃ መውረጃ ሰፊ ነው፤ አሠራሩም ጥሩ ነው። ችግሩ አፉ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ሲወጣ ውሃው በር ላይ ቆሟል። በባዶ እጁ የብረቱን ፍርግርግ ሲያጸዳ ያወጣው ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባና አንድ የሕፃን ጫማ ነው። ፍርግርጉ እንደጸዳ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ሄደ። ይህን የሚጥለው ከውጭ የመጣ ሰው አይደለም፣ እኛው ነን አለ በግልጽ። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ጸድቋል፣ ግን አዋጅ ቱቦ አይጠርግም። ክረምት ከመግባቱ በፊት በየብሎኩ ተራ ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ።

መልስ 21

መልስ 20ን የደገፈች ተማሪ ናት። እዚህ የጣልነው እዚህ አይቀርም። ቀበና ወርዶ ወርዶ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ። በመሃል በዚያ ውሃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ያ ሰላጣ ተመልሶ ወደኛው ገበታ ይመጣል።

መልስ 22

አንድ አትክልተኛ ስለ ሣሩ ያልታሰበ ነገር ነገረን። ፓርካችን ላይ የተተከለው ተቆርጦ መጥቶ እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋ ሣር ነው። በጋውን ሙሉ ውሃ ይፈልጋል፣ መረገጥ አይወድም። ሰርዶ ግን ኳስ ይቻለዋል። መሬት ለመሬት እየሳበ ስለሚያድግ ቢጎዳም መልሶ ይሞላል። በዓለም ላይ በሞቃት አገር ያሉ ብዙ ስታዲየሞች የሚጠቀሙት የዚሁ የሰርዶን ዝርያ ነው። ስለዚህ ሜዳው ሲሚንቶ መሆን የለበትም፤ አረንጓዴነቱን ሳያጣ ልጆችን ሊይዝ ይችላል። ይህ መልስ የመልስ 2ን አባት እንኳ አሳመናቸው።

መልስ 23

በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ጎረቤታችን ነው። አጭርና ኮስተር ያለ መልስ ነው። ኳሱ ይሁን፣ ግን ሽንት ቤቱስ? በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ቢመጣ እንኳ መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃ አለ። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ እንኳ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። መሐንዲሱ ተመልሶ አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት እንደሚያስፈልግ አስልቶለታል፤ ለሁለቱ ደረጃ አራት ሜትር ገደማ ይበቃል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው አንድን ሰው ደጃፉ ካለ ፓርክ ያስቀረው። እኔ በበኩሌ ደብዳቤው ውስጥ አንደኛ ሆኖ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

መልስ 24

አንዲት ጠበቃ አካሄዳችንን አስተካከለችልን። ማኅበራችን የቆመው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ሥልጣኑ በሕንፃዎቻችን የጋራ መጠቀሚያ ላይ እንጂ ፓርኩ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ወስነናል የሚል ቃል አይግባ፣ እንጠይቃለን ይባል። ለመጠየቅ ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ይበቃናል፤ ማኅበረሰባችንን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ አስተያየታችንን የመስጠት መብት አለን።

መልስ 25 እና 26

ማኅበር ሲነሣ ወርሃዊ መዋጮም ተነሣ። አንዱ የውሃ ፓምፑ ገንዘብ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ፤ ገንዘብ ያዧም ደረሰኙን ማንም መጥቶ ሊያይ ይችላል ብላ በኃይል መለሰች። ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል። እዚህ ላይ እንድንተወው ለምኛለሁ።

መልስ 27

ይህን ማንም አልጠበቀም። ፊሽካውን የሚነፋው ጥበቃ ራሱ ጻፈ። ስሙን እንዳንጠራ ጠይቋል። እሱም እዚሁ ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ሣሩ ከተጎዳ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ በረኛ ተኝቶ ነው ወይ ተብሎ ተገሥጿል። ልጆችን ማባረር ደስ ብሎት እንዳልሆነ፣ ይህ የናንተ ነው ያኛው የሣሩ ነው የሚል መስመር ቢሰመርለት ከማንም በላይ እንደሚያርፍ ጻፈ። ከሥሩ ወንድሜ አይዞህ የሚሉ ብዙ ምላሾች ገቡ። ሦስተኛው መላሽ ወጣትም ባለፈው ስለሰደበው ይቅርታ ጠየቀው።

መልስ 28

አንዲት መምህርት ሰዓት ይወሰን አለች። ከትምህርት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለልጆች፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ለወጣቶቹ። ሌላው ጊዜ ለሁሉም። ተቃዋሚ የለውም።

መልስ 29

ጋሼ ሥራ የሰጡት ልጅ ረቂቁን ለጠፈ። የምር እጁ ያምራል። ከምስጋና ይጀምራል። ቀጥሎ ሽንት ቤቱ እንዲከፈትና ተዳፋት መግቢያ እንዲሠራለት፣ 40 በ20 ሜትር ቦታ ሰርዶ ተተክሎበት ለልጆች እንዲፈቀድ፣ ለጀበና ቡና ሻጮች ጥግ እንዲሰጥ ይጠይቃል። እኛ በበኩላችን በየብሎኩ ተራ ገብተን የቱቦውን አፍ እናጸዳለን፣ በሰዓቱም ልጆቹን የሚጠብቅ ወላጅ እንመድባለን ይላል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ደብዳቤውን ጠንካራ አድርጎታል።

መልስ 30

ተከራይ መፈረም ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ይችላል። ልጁ እዚህ የሚጫወት ሁሉ ይፈርም። ወንዙ ዳር የነበሩትም መጥተው ቢፈርሙ ደስ ይለናል፤ መልስ 12ን የጻፈችው እህታችን ከአሥር ሰው ጋር እመጣለሁ ብላለች።

የፊርማው ወረቀት ከነገ ጀምሮ ዋናው በር ጥበቃ ክፍል ይቀመጣል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዘጋል። ደብዳቤውን ሰኞ ጠዋት የሚያስገቡት ጋሼና ጠበቃዋ ናቸው። መሐንዲሱ ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ቦታውን ይለካል፣ የሚያግዘው ሰውና ረዘም ያለ ሜትር ያለው ካለ እዚሁ ሥር ይጻፍልን።